የደም ሥር ግድግዳ በሻይ ብርጭቆ፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ሥራውን ያስጀመረችው አንዲት ጥያቄ ናት። የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። የሳይንስ ክበባቸው ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው፤ ለእነሱ ቡድን ኩላሊት ደርሷቸዋል። መጻሕፍት ላይ የሚደጋገመውን ሥዕል ይዛ መጣች። ደም የሚያጣራው የደም ሥር ግድግዳ ላይ የመቀነስ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ላይም እንደዚያው። ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ አልቡሚን ሽንት ውስጥ አይገባም። አለቀ።

«አጎቴ፣ ክሎራይድም እኮ ኔጋቲቭ ነው። እሱ ለምን እንደ ልቡ ያልፋል?»

ላቦራቶሪ ውስጥ ስውል ስንትና ስንት ጊዜ የሽንት ስትሪፕ፣ የመመርመሪያ ወረቀት ማለቴ ነው፣ ነክሬያለሁ። ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ክሎራይድ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም። ግን ያ መልስ ቻርጅን፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆንን፣ ጭራሽ ከጨዋታ ያወጣዋል። እራት በልተን ወረቀት አወጣንና በስሌት ሞከርነው።

የግድግዳው ውስጥ ከደሙ በ5 ሚሊቮልት ብቻ ኔጋቲቭ ነው እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። በሰውነት ሙቀት፣ አንድ ቻርጅ ብቻ ያለው ክሎራይድ በዚያ ግድግዳ ውስጥ የሚኖረው መጠን ደም ውስጥ ካለው ወደ 83 በመቶ ይሆናል። ምንም አልተነካም ማለት ይቻላል። አልቡሚን ግን በደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ማለትም በ7.4፣ የተጣራ ቻርጁ ወደ 15 ኔጋቲቭ ገደማ ነው። ያው 5 ሚሊቮልት 15 ጊዜ ይቆጠርበታል። ውጤቱ 6 በመቶ ግድም ነው። መጠኑን ገና ሳናስገባ ማለት ነው።

ስሌቱ ሻካራ ነው። አልቡሚንን እንደ አንዲት ነጥብ ይቆጥረዋል፤ እሱ ግን ግማሽ ስፋቱ ወደ 3.5 ናኖሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሞለኪውል ነው። ቢሆንም ለጥያቄዋ መልስ ይሰጣል። ያው ግድግዳ አንዱን ሳይነካ ሌላውን ሊያስቀር ይችላል። ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና፣ «እሺ፣ እንዴት ነው የምናሳየው?» አለች። እሷ ማሳየት እንጂ ማስላት አይደለም የፈለገችው።

ማክሰኞ

ያሰብኩት ይኼን ነው። ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለበት ጄል እንሠራለን፣ ላዩ ላይ የተለያየ ቻርጅ ያላቸው ቀለሞች እናፈሳለን፣ ማን የት እንደደረሰ በማስመሪያ እንለካለን።

ጄሉ አጋር ነው። አጋር ከባሕር አረም ነው የሚወጣው። በተፈጥሮው ሰልፌት የተባሉ ኔጋቲቭ ቡድኖች በጥቂቱ ተጣብቀውበታል፤ የላቦራቶሪው ተራ አጋር፣ ያልተጣራው፣ ደግሞ የበለጠ አለው። ለእኛ ጥሩ ነው። የደም ሥሮችን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን፣ ግላይኮካሊክስ የሚባለው፣ ኔጋቲቭነቱን በብዛት የሚያገኘው ሄፓራን ሰልፌት ካሉ የስኳር ሰንሰለቶች ነው። እዚያም ሰልፌት፣ እዚህም ሰልፌት።

ጄላቲን ይቀላል ያለኝ ነበር። ጄላቲን ግን ከእንስሳ ነው፤ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ደግሞ ፓኬቱ ሁልጊዜ አይናገርም። ጅማ ላይ ለተማሪዎች የምታሳየው ነገር ሐላል ነው ወይ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። የባሕር አረም ላይ ማንም አይከራከርም።

ቀለሞቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሚታይሊን ብሉ፣ የቲቢ ስላይድ የምናቀልምበት ሰማያዊ፤ ፖዘቲቭ ነው። ሁለተኛው ቢጫው የምግብ ቀለም፣ ታርትራዚን፣ ዕቃው ላይ ኢ102 ተብሎ የሚጻፈው፤ ሦስት ኔጋቲቭ አለው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ተጨነቅሁ። ምንም ቻርጅ የሌለው ግን በዓይን የሚታይ ነገር ከየት ይመጣል? ኋላ ትዝ አለኝ፣ ቫይታሚን ቢ12። የመርፌው ፈሳሽ ቀይ ነው፤ ሞለኪውሉ ደግሞ በድምሩ ቻርጅ የለውም።

ሐሙስ

ገበያ ቀን ስለሆነ የጅማው መርካቶ መንቀሳቀሻ የለም። ዝናቡም ከቀትር በኋላ እንደሚመጣ ስለማውቅ በጠዋት ወጣሁ። ቢጫው ቀለም የኬክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ተገኘ። የተጣራ ውሃ ከነዳጅ ማደያ ገዛሁ፤ የመኪና ባትሪ ውሃ ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አጠገቡ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጀሪካን ነው የሚሸጠው። ጽሑፉን አንብቡ።

ፋርማሲ ስገባ የቢ12 አምፑል ጠየቅሁ።

«ለማን ነው ወንድሜ? ማዘዣ አለህ?»

«ለሰው አይደለም እትዬ። ለጄል ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ። ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ኖርማል ሳላይን፣ የሕክምናውን የጨው ውሃ፣ ጨምር አሉኝ። «ጨው ያለበትና የሌለበትን ካላወዳደርክ ምኑን አሳየህ?» ልክ ናቸው። አስቤው ነበር፣ ግን ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ደስ አለኝ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ መረቁልኝ።

ሐሙስ ማታ፣ ማብሰል

ለ200 ሚሊ ሊትር ውሃ 3 ግራም አጋር፣ ማለትም 1.5 በመቶ። አጋር በደንብ እስኪሟሟ መፍላት አለበት። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለአጋር ይበቃዋል፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። መጀመሪያ ደመና ይመስላል። ከሥር ብናኝ ይታያል። ካማሰሉት በኋላ ቀስ እያለ ይጠራና ማንኪያው ጀርባ ላይ አንድም ነጥብ ሳይቀር ይንሸራተታል። ያኔ ነው የሚወርደው።

ግማሹን በተጣራ ውሃ፣ ግማሹን በኖርማል ሳላይን ሠራሁ። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁት፤ ግልጽ ስለሆነ በጎኑ መለካት ይመቻል። 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ይጀምራል። መብራት የጠፋው ልክ ከቀዳሁ በኋላ ነው። ምስጋና ለከሰል።

ሲረጋ ላዩ ላይ ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ በሲሪንጅ አፈሰስኩ። እናቴ ብርጭቆዎቿን በሙሉ ስለወሰድኩ ሻዩን በኩባያ ጠጣች። ቅሬታዋን አልደበቀችም።

ዓርብ ጠዋት

በተጣራ ውሃ በተሠራው ጄል ቢጫው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዷል። ሰማያዊው 5 እንኳ በቅጡ አልሞላም። ከላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ቀርቷል፤ ጠርዙም ስል ነው፣ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የቢጫው ጠርዝ ግን የት እንዳለቀ አይታወቅም፤ እየሳሳ እየሳሳ ጠፋ።

አሁን የሞለኪውል ክብደታቸውን ተመልከቱ። ሚታይሊን ብሉ 320፣ ታርትራዚን 534። ከባዱ ቀደመ! ቢ12 ደግሞ 1,355 ነው፣ የሰማያዊው አራት እጥፍ። እሱም ሰማያዊውን አልፎታል። ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ ከብርጭቆው ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጌ ነው ያየሁት።

በየትምህርት ቤቱ የሚሠራ ተመሳሳይ ሙከራ አለ። ሚታይሊን ብሉንና ፖታሲየም ፐርማንጋኔትን አጋር ላይ ያደርጉና ሰማያዊው ሲዘገይ፣ «ክብደቱ ነው» ብለው ይደመድማሉ። ቢጫውን ቢጨምሩ ኖሮ ድምዳሜው ያኔውኑ ይፈርስ ነበር። ሰማያዊውን የያዘው ክብደቱ አይደለም። ፖዘቲቩ የአጋሩን ሰልፌት እያገኘ ይጣበቃል፣ ይላቀቃል፣ እንደገና ይጣበቃል።

በሳላይን የተሠራው ጄል ላይ ደግሞ ሰማያዊው በግልጽ ወደ ታች ገፍቷል፤ ስሉ ጠርዝ ለስልሷል። ቢጫው ያው ነው ማለት ይቻላል። የጨው ሶዲየም ሰልፌቶቹን ስለከበባቸው ሰማያዊው የሚጣበቅበት ቦታ ጠበበ።

የፋርማሲዋ እትዬ ይህን ፎቶ በስልክ ሲያዩ «አላልኩህም?» ብለው ሳቁ።

ዓርብ ማታ

ውጤቱ አምሯል፤ ግን ልጅቷ ፖስተሩ ላይ «ጄሉ እንደ ደም ሥር ግድግዳ ኔጋቲቩን ገፋ» ብላ ልትጽፍ ስትል አስቆምኳት። አልገፋም። ቢጫው እኮ ቀደመ! ጄላችን ያሳየው ፖዘቲቩን መያዝን ነው። መግፋት በደንብ የሚታየው ቀዳዳው ከሚያልፈው ነገር ስፋት ጋር ሲቀራረብ ነው። የአጋር ቀዳዳዎች ለእንዲህ ያሉ ቀለሞች ሜዳ ናቸው።

እዚህ ላይ ጨው እንደገና ይገባል። ቻርጅ ያለበት ገጽ ኃይሉ ምን ያህል ርቀት ይሰማል? በጣም ስስ በሆነ የጨው ውሃ፣ ለምሳሌ በሊትር 1 ሚሊሞል ሲሆን፣ ወደ 10 ናኖሜትር ድረስ። በ0.9 በመቶ ሳላይን፣ እንደ ደማችን ማለት ነው፣ 0.8 ናኖሜትር ብቻ። የአልቡሚን ግማሽ ስፋት 3.5 ናኖሜትር መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ቻርጅ በሩቁ አይጣራም። ሞለኪውሉ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ፣ ግድግዳውን ሊነካ ሲል ነው ቻርጁ የሚሠራው። መጠንና ቻርጅ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ዘበኞች አይደሉም። መጠኑ ካላቀራረበው ቻርጁ አይሰማውም።

ለእኔ የዚህ ሥራ ዋና ነገሩ ይኼ ነው። የመጽሐፉ ሥዕል ላይ የመቀነስ ምልክት እንጂ ጨው የለበትም።

ቅዳሜ፣ ሥራ ቦታ

ታካሚ ሲቀል ስትሪፑን በሌላ ዓይን አየሁት። ላዩ ላይ ያለው የፕሮቲን መለያ ሰሌዳ የሚሠራው ራሱ በቻርጅ ነው። ሰሌዳው ላይ ፒኤቹን 3 አካባቢ የሚያቆም አሲድ አለ፤ አብሮት ቀለም አለ። አልቡሚን በፒኤች 4.7 አካባቢ የተጣራ ቻርጁ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ነው፣ ከዚያ በታች ፖዘቲቭ። ስለዚህ ደም ውስጥ ኔጋቲቭ የነበረው አልቡሚን ሰሌዳው ላይ ሲደርስ ፖዘቲቭ ሆኖ ኔጋቲቩን ቀለም ይይዛል። ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

ለኤግዚቢሽኑ አሪፍ ነገር ወጣው። ጥቂት የእንቁላል ነጭ በውሃ አቅጥኜ ስትሪፕ ነከርኩ፤ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ጠብታ ፕሮቲን የሌለበት፣ የቤኪንግ ሶዳ ውፍር ያለ ውሃ። እሱም አረንጓዴ! ሶዳው የሰሌዳውን አሲድ ሲያሸንፈው ቀለሙ ያለ ፕሮቲን ይቀየራል። በጣም አልካላይን የሆነ ሽንት ስትሪፕ ላይ የሐሰት ፖዘቲቭ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱን ስትሪፖች ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ አነሳቸው፤ ለአዳዲስ ልጆች ሊያሳይ።

ወተትም ሞከርን። ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ቻርጁ ዜሮ የሚሆነው ፒኤች 4.6 ላይ ነው። ኮምጣጤ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታይም፤ ከዚያ ባንዴ ይቆራረጣል። መገፋፋቱ ሲጠፋ እርስ በርስ ተጣበቁ።

እሑድ

ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ቤት ቁጭ ብዬ ልጅቷ ለፖስተሩ የምትጽፈውን አብሬ አረምኩ። የታሪኩ ክፍል ጠቃሚ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ አልተዘጋም።

በ1970ዎቹ የኩላሊት ተመራማሪው ባሪ ብሬነርና ባልደረቦቹ አይጦች ላይ በዴክስትራን ሠሩ። ዴክስትራን የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በተለያየ ስፋት ይዘጋጃል፣ ቻርጅም ይጨመርበታል። ስፋቱ እኩል ሆኖ ኔጋቲቭ የተደረገው ከገለልተኛው በጣም ያነሰ አለፈ፤ ፖዘቲቩ ደግሞ የበለጠ። የመጽሐፉ ሥዕል ሥሩ እዚህ ነው። ፕሮታሚን ሲሰጥስ? ይህ ፖዘቲቭ የሆነ ፕሮቲን ነው፤ ሐኪሞች ሄፓሪንን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ለማርከስ ይጠቀሙበታል። የእንስሳ ኩላሊት ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ፕሮቲንም ማፍሰስ ይጀምራል። የእኛ ሰማያዊ ጄሉ አናት ላይ እንደተጣበቀው።

በኋላ ጥርጣሬ መጣ። ኔጋቲቩን ዴክስትራን ሴሎች ራሳቸው እንደሚይዙት ታየ፤ ሽንት ውስጥ ያልተገኘው ሁሉ ግድግዳው የገፋው ላይሆን ይችላል። በዘር ለውጥ የማጣሪያቸው መሠረት ሽፋን ሄፓራን ሰልፌት የተቀነሰባቸው አይጦችም ያፈሳሉ ተብሎ የተጠበቀውን ያህል አልቡሚን አላፈሰሱም። ሌሎች ደግሞ አምፊቢያን ኩላሊት ውስጥ ረቂቅ ኤሌክትሮድ አስገብተው ፈሳሹ ሲጣራ ግድግዳው ላይ የምትፈጠር ከሚሊቮልት እጅግ ያነሰች ቮልቴጅ ለኩ። እንደነሱ ከሆነ ግድግዳው ቆሞ ብቻ አይገፋም፤ ፈሳሹ ሲፈስ በሚፈጠረው መስክም አልቡሚንን ወደ ደም ይመልሰዋል።

እኔ ቻርጁን ከሥዕሉ የሚሰርዙትን አልደግፍም። የመቀነስ ምልክቱን ብቻ ስሎ የሚያቆመውንም አልወደውም። የሰው ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል፤ ጤነኛ ሰው ግን በቀን ሽንቱ ላይ ከ30 ሚሊ ግራም ያነሰ አልቡሚን ነው የሚታየው። ይህን ሁሉ ለአንድ ምክንያት ብቻ ማሸከም ይከብዳል። ያለፈችውንም ትንሽ የኩላሊት ቱቦዎች መልሰው ይውጣሉ።

ደግሞ ኩላሊት ብቻ አይደለም። በመላ ሰውነት ካሉት ደም ሥሮች አልቡሚን በሰዓት ወደ 5 በመቶ ገደማ ይወጣል፣ በሊምፍ በኩል ዞሮ ይመለሳል። የደም ፕሮቲኖች፣ በዋናነት አልቡሚን፣ ደም ውስጥ ሆነው ውሃን የሚስቡበት ኃይል በግፊት ሲለካ 28 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 19ኙ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው በቁጥራቸው የሚያመጡት ነው። የቀረው 9 የሚመጣው ኔጋቲቮቹ ፕሮቲኖች አብረዋቸው ሶዲየም ስለሚያስቀሩ ነው። አንድ ሦስተኛው ከቻርጅ! አልቡሚን በሽንት ሲፈስ ጠዋት የሕፃን ፊት አብጦ የሚታየው ይህ መሳቢያ ሲደክም፣ ኩላሊቱም ጨው መያዝ ሲያበዛ ነው።

ማክሰኞ ማታ፣ ሳጥኑ

ይኼኛው በጣም የወደድኩት ክፍል ነው፤ ቀለሞቹን በኤሌክትሪክ መጎተት። የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ስስ አጋር አፈሰስኩ፣ መሐሉ ላይ ለሦስቱ ቀለሞች ሦስት ጉድጓድ። ፈሳሹ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ያለበት የተጣራ ውሃ ነው። የገበታ ጨው አላደረግሁም፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ክሎሪን ይወጣዋል፣ ጄሉም ይሞቃል። ኤሌክትሮዶቹን ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ነው ያወጣሁት፤ መሐል ላይ ያለችው ጥቁር የካርቦን ዘንግ። ሚስማር ይዝጋል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። ባለ 9 ቮልት ባትሪዎችን አፍ ለአፍ አያያዝኩ፣ 45 ቮልት። የግድግዳ ሶኬት በፍጹም አይነካም፤ ልጆች ያሉበት ቦታ ነው።

ዘንጎቹ ዙሪያ አረፋ ተነሳ። ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ቢጫው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ እንደ ጅራት ተዘርግቷል። ሰማያዊው ወደ ኔጋቲቩ ሞከረ፣ ግን እየተጎተተ፣ ኋላው ላይ እድፍ እየጣለ።

ቢ12ን በዓይኔ ሳላየው አላምንም ነበር። ቻርጅ የለውም፤ መቆም ነበረበት። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ኔጋቲቩ ጫፍ ሄደ።

ልጅቷ «ቻርጅ የለውም አላልክም?» አለችኝ፣ እንደያዘችኝ ሁሉ።

የለውም። የሄደው ውሃው ነው። የአጋሩ ሰልፌት ከጄሉ ጋር የተሰፋ ስለሆነ መንቀሳቀስ አይችልም። አጠገቡ ያሉት ሶዲየሞች ግን ነፃ ናቸው፤ ወደ ኔጋቲቩ ሲሳቡ ውሃውን ይዘው ይሄዳሉ። ቢ12 ውሃው ውስጥ ተሳፋሪ ነው። ኩላሊት ውስጥ የተለካችው ያቺ ትንሽ ቮልቴጅ የዚሁ ግልባጭ ናት። እዚህ ቮልቴጁ ውሃውን አስኬደ፤ እዚያ የሚሄደው ፈሳሽ ቮልቴጁን ይፈጥራል።

«እንግዲያው ፖስተሩ መሐል መሆን ያለበት ይሄ ነው» አለች። ኩላሊቱን ወደ ጥግ ገፋችው። አልተከራከርኳትም።

ዓርብ

የቀረ ሥራ አለ። ብርጭቆዎቹ ከዋዜማው ማታ መሞላት አለባቸው፤ ቀደም ብለው ከተሞሉ ቢጫው ብርጭቆውን ሙሉ አዳርሶ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ከሥራቸው ውሃ ያለበት ትሪ ይደረጋል፤ የምግብ ቀለሙን ያሸተቱ ጉንዳኖች አንዱን አግኝተውታል። ሳጥኑን እዚያው ተመልካች ፊት እናስነሳዋለን፣ ስለዚህ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ያሉት ደክመዋል። ለቢ12 ከሳጥኑ ሥር ነጭ ወረቀትና የስልክ መብራት። እናቴ ብርጭቆዎቿን በቁጥር አስረክባኛለች።